በዐቢይ ጾም ታይዋን፦ ለጾመኛ እናት ምግብ፣ የምሽት ገበያና የአገሩ ወግ

የመንገድ ስንቅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እኔና እናቴ 12 ቀን ታይዋን እንቆያለን። ሰባቱን ቀን ታይፔ፣ አምስቱን ታይናን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚውለው። እናቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዓሣ አትነካም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ትበላለች። እኔ በጾሙ እንደ እሷ አልጠነክርም፤ የአሳማ ሥጋና ሞራውን ግን ጾም ቢሆንም ባይሆንም አልበላም።

ማወቅ የምፈልገው፦ እሷ ምን ትበላለች፣ ምንስ መጠንቀቅ አለባት? የምሽት ገበያ ወስጃት የምትቀምሰው ነገር ይኖራል? ከሰው ጋር ስንበላ፣ ቤተ መቅደስ ስንጎበኝ፣ ባቡር ስንሳፈር እንዳናጠፋ ማወቅ ያለብን ምንድን ነው? ቻይንኛ አንድም ቃል አንችልም።


ቶፉ በበርበሬ፦

እህቴ፣ አገሩን ጥሩ መርጠሻል። በታይዋን ከቡድሃና ከዳኦ እምነት ተከታዮች ብዙዎቹ ሥጋ የማይበሉበት ጊዜ አላቸው። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ነው፤ አንዳንዱ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብቻ። ስለዚህ ጾም ምን እንደሆነ ለማስረዳት አትደክሚም። ቃሉ «ሱ» ነው፤ ድምፁን ከላይ ወደ ታች ጣል አድርገሽ በዪው። «ዎ ቺ ሱ» ካልሽ «እኔ ሥጋ የሌለበት ነው የምበላው» ማለት ነው፣ ማንም ይገባዋል።

ከአፍ ይልቅ ግን ዓይን ይጠቅማል። ፊደሉ ከላይ ሦስት አግድም መስመሮች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተወጉ፣ ከሥራቸው ደግሞ የተቋጠረ ክር የመሰለ ነገር ነው። ፎቶውን ስልክሽ ላይ አስቀምጪና እናትሽንም አለማምጃቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከመንገድ ማዶ ሆነው ይለዩታል። ብዙ ቤቶች ከፊደሉ ጎን ክንዶቹ የተጠመዘዙ መስቀል የሚመስል ምልክት ይለጥፋሉ። ናዚን አስታውሷቸው የሚደነግጡ እንግዶች አሉ። የቡድሃ እምነት የጥንት ምልክት ነው፤ በምግብ ቤት በር ላይ ሲሆን «እዚህ ሥጋ የለም» ይላል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። «ሱ» የተባለ ሁሉ የእኛ ጾም አይደለም። ሥጋ የለበትም ተብሎ የሚሸጥ የታሸገ ምግብ ከአምስት ዓይነት በየትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት፦ «ቿን ሱ» (ወይም «ቹን ሱ»)፣ «ዳን ሱ»፣ «ናይ ሱ»፣ «ዳን ናይ ሱ»፣ «ዥዉ ዉሺን ሱ»። «ዳን» እንቁላል፣ «ናይ» ወተት ነው። ለእናትሽ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ነው። ስሙ «ከዕፅዋት፣ ሽታ ያላቸው አምስቱ ያሉበት» ስለሚል፣ ሽንኩርት ለሚበላ ጾመኛ የተዘጋጀ ይመስላል። ደንቡ ግን በዚያ ውስጥ እንቁላልና ወተትም እንዲገባ ይፈቅዳል። አምስቱ የሚባሉት ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል ሽንኩርትና የነሱ ዘመዶች ናቸው፤ የቡድሃ ጾመኛ እነሱንም ይተዋል። በዚህ ምክንያት «ቿን ሱ» ምግብ ለእኛ ምላስ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ዝንጅብል ግን አይጠፋበትም። «ላ ጂያው» ብትዪ ቃሪያ ያመጡልሻል።

ጥሩው መፍትሔ እያነሡ የሚከፍሉበት የጾም ቡፌ ነው። በየሰፈሩ አለ። ቃሉ «ሱ ሽ» ነው፣ ከጃፓኑ ሱሺ ጋር እንዳይምታታብሽ። የካርቶን ሣጥን ወይም ትሪ ታነሺያለሽ፣ በመቆንጠጫው የፈለግሽውን ትሞያለሽ፣ ሩዙን ትነግሪያቸዋለሽ፣ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ትከፍያለሽ። ሞላ ያለ ሣጥን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 የታይዋን ዶላር ይደርሳል። ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የረጋ፣ አይብ የመሰለ ምግብ) እና ነጭ ሥር ውሃ ስለያዙ ሚዛን ያከብዳሉ፤ ቅጠላ ቅጠል ይቀልላል። የስኳር ድንች ቅጠል፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ደበርጃን፣ ጥቁር የእንጨት እንጉዳይ፣ የቶፉ ቆዳ ሳትጠራጠሪ አንሺ። ቢጫ ነገር ካየሽ ግን ቆም በዪ። ከቲማቲም ጋር የተጠበሰው ቢጫ እንቁላል ነው። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የተቆረጠ «ቶፉ»ም በውስጡ እንቁላል አለበት። ተራው ቶፉ ነጭ ነው።

ከጾም ቤት ውጭ ስትበሉ የሚያሳስቱት አራት ናቸው። አንደኛው ሞራ ነው። ተራ ምግብ ቤት ጎመኑን ቀቅሎ ከላዩ የአሳማ ሥጋ ስልስ ወይም ሞራ ያፈስበታል፤ ሲታይ ጎመን ብቻ ነው። ሁለተኛው መረቅ ነው። ኩልል ያለው ሾርባ የአጥንት ወይም የዓሣ መረቅ ነው፤ በየሱቁ በትልቅ ማሰሮ የሚንተከተከውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሥጋ መሳይ ምግብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያያይዘው የእንቁላል ነጭ ነው፣ ስለዚህ «ቿን ሱ» የሚል ካላየሽበት ተዪው። አራተኛው ዳቦ ነው። የታይዋን ዳቦ ለስላሳ የሚሆነው ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ገብቶበት ነው፤ በእንፋሎት የሚበስለው ነጩ ማንቶው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ወተት የገባበት ዓይነት ስላለው «ዮው ናይ ማ?» (ወተት አለበት ወይ?) ብለሽ ጠይቂ።


ሰዓት ጠባቂ፦

ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እናትሽን ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የሚያስቸግራቸው ግን ሰዓቱ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚያ ለማየት ስድስት ጨምሩበት።) ቡፌዎቹና ትናንሽ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ በሩን ዘግተው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ያርፋሉ። ዘጠኝ ሰዓት መሐሉ ላይ ነው የሚወድቀው። እሳቸው በልተው በሚፈቱበት ሰዓት በሩ ዝግ ይሆናል።

ስለዚህ ሰባት ተኩል ላይ፣ ምግቡ ሳይመናመን፣ ሣጥኑን ሞልታችሁ ያዙ። ሩዝ ያለበት ምግብ ሁለት ሰዓት ቢቆይ አይጎዳም፤ ሾርባውን ግን ለብቻው አስሩት። ይህ ካልሆነ ሁለት አማራጭ አለ። በትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች ምድር ቤት ያሉት የምግብ አዳራሾች ከሰዓት አይዘጉም፤ ከመካከላቸውም ብዙ ጊዜ አንድ የጾም ቤት አይጠፋም። ሌላው ሰባት-ኢለቨንና ፋሚሊ ማርት ናቸው። በየመቶ ሜትሩ ሊባል በሚችል ያህል አሉ፣ ሌት ተቀን ክፍት ናቸው። በጋለ ጠጠር ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ከነልጣጩ በብዙዎቹ ታገኛላችሁ። ሙዝና ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተትም አለ። በባሕር አረም የተጠቀለለ የሩዝ ኳስም ይሸጣሉ፤ አብዛኛው ግን ቱና ወይም ሥጋ ስላለበት ፊደሉን ፈልጉ።

የቶፉ ጣፋጭ የሚሸጡ ቤቶችም ከሰዓት ክፍት ናቸው። «ዶው ኋ» ይባላል። ሲያዩት እርጎ የመሰለ ትኩስ ቶፉ ነው፤ ከላዩ የዝንጅብልና የስኳር ሽሮፕ ይፈስበታል፤ የተቀቀለ ለውዝ፣ ቀይ አደንጓሬ ወይም የጎደሬ ኳስ ይጨመርበታል። ባዶ ሆድ ላይ ገር ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቆየው አሠራር በምግብ ጄሶ ያረጋዋል፣ አንዳንድ ቤት ግን ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ይጠቀማል። ተንቀጥቅጦ እንደ ጎማ የሚመለስ ከሆነ ጄላቲን ነው፤ በማንኪያ ሲነካ እንደ ቅጠል እየተነባበረ የሚነሳ ከሆነ በጄሶ የረጋ ነው።

ለእራት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ድረሱ። ምሽት አንድ ተኩል ሲሆን ቡፌው ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ስለሌለ ቁርሱ አያምልጣችሁ፤ ለእኔ ታይዋን ቁርስ ናት። ቤቶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ ከፍተው አምስት ሰዓት አካባቢ ይዘጋሉ። ጣፋጩ ወይም ያልጣፈጠው ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት የጾም ነው። ጨዋማው ደግሞ መታየት ያለበት ነው። ሻጩ በባዶ ሳህን ግርጌ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ሶያ ሶስ፣ የተከተፈ የኮመጠጠ አትክልትና ቅጠል ሽንኩርት ያስቀምጣል፤ ከዚያ የፈላውን የአኩሪ አተር ወተት ከላይ ያፈስበታል። ኮምጣጤው ወተቱን እዚያው ዓይናችሁ እያየ ይቋጥረዋል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ከሾርባው ይለያል። የተበላሸ መስሎት የሚመልሰው እንግዳ አለ፤ መሆን ያለበት እንዲያ ነው። ለእናትሽ ግን የደረቀ ሽሪምፕ እንዳይገባ መናገር አለባችሁ፤ «ቡ ያው ሽያ ሚ»። ታይፔ ውስጥ ኋሻን ገበያ ፎቅ ላይ ያለው ፉሃንግ የታወቀው ነው፤ ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ውጭ ስለሚደርስ ለአረጋዊ እናት አይመችም። ከወንዙ ማዶ ዮንግሄ የሚባለው ሰፈር በአኩሪ አተር ወተት ስሙ የወጣ ነው፤ እዚያ ሌሊቱን የማይዘጉ ቤቶች ስላሉ በአዘቦት ቀንም ማታ ሄዳችሁ መጠጣት ትችላላችሁ።


የመንገድ ስንቅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የዘጠኝ ሰዓቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። የምሽት ገበያውስ? እዚያ ሚዛንም የለ፣ ጽሑፍም የለ።


ገበያ ዳር፦

የምሽት ገበያ ከአሥራ አንድ ሰዓት ይጀምራል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ለእናትሽ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ያለው ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ትከሻ ለትከሻ ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ መቶ መቶውን ያዙ። አብዛኛው ነገር ከመቶ የታይዋን ዶላር በታች ነው።

ታይፔ ላይ ራዎሄ ቀጥ ያለ አንድ መንገድ ስለሆነ መጥፋት የለም። አንደኛው ጫፍ በ1753 የተመሠረተው ሲዮው ቤተ መቅደስ ነው፣ የሶንግሻን ሜትሮም እዚያው አጠገብ ነው። በቤተ መቅደሱ በኩል የምታዪው ረጅሙ ሰልፍ የቁንዶ በርበሬ ዳቦ ነው፤ በሸክላ ምድጃ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል፣ ሽታው ይጠራል፣ ውስጡ ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ሁለታችሁም እለፉት።

ለታይናን ደግሞ ገበያዎቹ በየቀኑ አይቆሙም፣ ይፈራረቃሉ። ሰዉ በሰባት ቃል ይይዘዋል፦ «ዳ ዳ ዉ ኋ ዳ ዉ ኋ»። ከሰኞ ጀምረሽ ቁጠሪ። ዳ ማለት ዳዶንግ ነው፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ። ዉ ዉሸንግ ነው፦ ረቡዕና ቅዳሜ። ኋ ትልቁ የአበባ መናፈሻ ገበያ ነው፦ ሐሙስና እሑድ፤ በቃሉ ባይቆጠርም ቅዳሜም ከዉሸንግ ጋር ይቆማል። ዝናብ ካለ ብዙው ሻጭ አይመጣም።

እናትሽ የሚበሉት ይኸውና። የስኳር ድንች ኳስ አንዱ ነው። የተፈጨ ስኳር ድንች ከካሳቫ ስታርችና ከስኳር ጋር ይለወሳል፤ ዘይት ውስጥ ሲንሳፈፍ ሻጩ በወንፊት ጀርባ ደጋግሞ ይጫነዋል። ሲጫነው ይሟሽሻል፣ ሲለቀው መልሶ ይነፋል፤ እያንዳንዱ መጫን ውስጡን ባዶ፣ ቆዳውን ቀጭን ያደርገዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተበላ ይኮማተራል። የወተት ዱቄት የሚጨምር አለና ይጠየቅ። ዘይቱንም እዩት፦ ዶሮና ስኩዊድ ከሚጠበስበት ጋር አንድ ከሆነ ተዉት፤ ኳስ ብቻ የሚሸጥ ጋሪ የራሱ ዘይት አለው።

ፍራፍሬ ገና ከደጃፉ አለ። ዘይቱን ተቆርጦ በኮምጣጣ የፕለም ዱቄት ይበላል፤ ጥሬ፣ ጠንካራና የሚንኮሻኮሽ ነው፣ እንደኛው የበሰለ አትጠብቁት። በደቡብ፣ ታይናን አካባቢ፣ ቲማቲም ተቆርጦ ከተከተከተ ዝንጅብል፣ ወፈር ካለ ሶያ ሶስና ከስኳር ጋር በሳህን ይቀርባል። ሲሰሙት አይጥምም፤ እኔ ግን ከታይናን የጾም ምግብ ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን አይ-ዩን አሳዪያቸው። የሾላ ዘመድ ከሆነ፣ በታይዋን ተራራ ላይ ከሚወጣ ሐረግ ፍሬ የሚገኝ ጄሊ ነው። ፍሬው ተገልብጦ ይደርቃል፣ ዘሮቹ ይፋቃሉ። ሃያ ሃያ አምስት ግራም ዘር በጨርቅ ከረጢት ይታሰርና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በእጅ ይታሻል። እሳት የለም፣ ስኳር የለም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሲታሽ ከረጢቱ እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ ውሃው ወርቅማ ይሆናል፤ ከዚያ ሳይነካ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ይረጋል። የሚያረጋው የዘሩ ፔክቲን በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲያያዝ ነው። ለዚህ ነው በተጣራ ውሃ የሚሞክረው ሰው የማይረጋለት። እጅ ላይ ዘይት ካለም፣ ስኳር ቀድሞ ከገባም አይረጋም። ሲቀርብ ሎሚና የስኳር ሽሮፕ ይደረግበታል። ንጹሕ ጾም ነው።

የሚሸተው ቶፉ ላይ ክርክር አለ። የሚዘፈዘፍበት ውሃ በቆየው አሠራር አትክልት ብቻ ሳይሆን ሽሪምፕና ሥጋም ሊገባበት ይችላል፤ የጾም የሆነው ግን «ሱ» ብሎ ይጽፋል። ለማወቅ ምቹው ሸንኬንግ የምትባለው የቶፉ ከተማ ናት፤ ከታይፔ በአውቶቡስ ይደረሳል። ሽታውን አትፍሩት፤ ከአፍ ሲገባ ከሽታው ይልቅ ከጎኑ የሚቀርበው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ነው የሚቀድመው።


ቶፉ በበርበሬ፦

በዚያ ላይ የኳስ ሻይ። ጥቁሮቹ ኳሶች ከካሳቫ ስታርችና ከቡናማ ስኳር ናቸው፣ ችግር የለባቸውም። «ወተት የለበትም፣ ዱቄት ነው» ቢሏችሁ ግን አትቀበሉ፤ ያ ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ የወተት ፕሮቲን አለው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻይ ከኳስ ጋር እዘዙ። ሁለት ጥያቄ ይከተላል፣ ስኳርና በረዶ። «ባን ታንግ» ግማሽ ስኳር ነው፣ «ዉ ታንግ» ያለ ስኳር፣ «ቹ ቢንግ» ያለ በረዶ። ሙሉ ስኳር ለእኛ እንኳ ይበዛል። የተቆለለው የማንጎ በረዶም በረዶው ውሃ ይምሰል እንጂ ላዩ ላይ የሚፈስሰው የታሸገ ጣፋጭ ወተት ነው፤ ሳያፈሱት በፊት አስቁሟቸው።


የደቡብ ወዳጅ፦

አሳማን ለምትተዪው ለአንቺ። የአገሩ ዋና ሥጋ አሳማ ስለሆነ «አሳማ አልበላም» ብቻ አይበቃም፣ በስሙ የማይታይበትን ማወቅ አለብሽ። «ሉ ሮው ፋን» የሚባለው ሩዝ ላይ የሚፈስ ስልስ አሳማ ነው። እንደ ጥጥ የተፈተለው ቡናማ ነገር፣ በሩዝ ጥቅልና በዳቦ ላይ የሚበተነው፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው። በተለምዶ የሚሸጠው ቋሊማም አሳማ ነው። የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ፍርፋሪ በሞራ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ኑድል ሁሉ ላይ ይነሰነሳል። የቅጠል ሽንኩርት ቂጣም ሊጡ ሲታጠፍ ሞራ ይቀባል። ጥያቄው «ዮው ዡ ዮው ማ?» ነው፤ የአሳማ ሞራ አለበት ወይ?

የላም ሥጋ ኑድል ትልቁ አማራጭሽ ነው፤ ግን መረቁን በአሳማ አጥንት የሚያወፍር ቤት አለ። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ሐላል ምስክር ወረቀት ያለው ቤት ግቢ። ታይፔ ውስጥ በዚህ ኑድል የታወቁ የሙስሊም ምግብ ቤቶች አሉ፤ በዚያ ሞራም አጥንትም አያሳስብሽም።

ታይናን ላይ የላም ሥጋ ሾርባ አትለፊ። ሥጋው በዚያው ሌሊት የታረደ ነው። ስስ አድርገው ቆርጠው ጥሬውን ሳህን ውስጥ ያስቀምጡና የሚንተከተክ መረቅ ያፈሱበታል፣ በቃ። ሲመጣልሽ ጠርዙ ግራጫ፣ መሐሉ ሮዝ ነው። ጎረድ ጎረድ ለሚወድ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግን ቶሎ ብዪ፣ ሳህኑ ውስጥ ሲቆይ ይበስልና ይደርቃል። ቤቶቹ ገና ሳይነጋ ይከፍታሉ፣ ጥሩው ሥጋ ረፋድ ሳይሆን ያልቃል። ከጎን የሚሰጡሽን ቀጭን ዝንጅብል ወፈር ካለው ሶያ ሶስ ጋር አድርገሽ ሥጋውን አጥቅሽበት።


ሻይ በዝንጅብል፦

ስለ ወጉ። ሜትሮ ውስጥ ከመክፈያው በር ካለፋችሁ በኋላ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ ክልክል ነው፤ ውሃም ቢሆን። ቅጣቱ ከ1,500 እስከ 7,500 የታይዋን ዶላር ነው። የዘጠኝ ሰዓቱን ሣጥን ባቡር ውስጥ እንዳትከፍቱት። በአገር አቋራጭና በፈጣኑ ባቡር ግን መብላት የተለመደ ነው፤ የጾም ምሳ ሣጥንም ይሸጣሉ። ጠቆር ባለ ሰማያዊ የተለዩት ወንበሮች ለአረጋውያን ናቸው፣ እናትሽ ሳያፍሩ ይቀመጡባቸው፤ ወጣት ተነሥቶ ቢያስቀምጣቸውም እንደኛው ነው። ኢዚካርድ (በቻይንኛ «ዮው ዮው ካ») የሚባለውን የጉዞ ካርድ ከሱቅ በ100 ዶላር ገዝታችሁ ሂሳብ ሙሉበት፤ ሜትሮ፣ አውቶቡስና ሱቅ ላይ ይሠራል።

መንገድ ላይ የቆሻሻ ገንዳ አታገኙም። ነዋሪው ሙዚቃ እያሰማ የሚመጣውን መኪና ጠብቆ በእጁ ነው የሚጥለው። እናንተ ባዶውን ሣጥን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ወይም ወደ ሆቴል ተመለሱ። የሱቅ ደረሰኝም አትጣሉ፤ እያንዳንዱ የሎተሪ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ወራት በ25ኛው ቀን ይወጣል፣ ቱሪስትም ቢደርሰው የራሱ ነው።

ገበታ ላይ ቾፕስቲኩን ሩዝ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚቆም ዕጣን ይመስላል። የሩዝ ሳህኑን አንሥቶ ወደ አፍ ማስጠጋት ነውር አይደለም። ታላቅ ሳይጀምር አይጀመርም፤ ስጦታ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይቀበላል፤ ሂሳብ ለመክፈል መሻማትም አለ፤ ይህን ሁሉ እናትሽ ከእኛ ቤት ያውቁታል። «በልታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ሰላምታ ነው፤ «አዎ» ብላችሁ ማለፍ ይበቃል። ጉርሻ በጣም ለቀረበ ሰው ካልሆነ አይደረግም።

ቤተ መቅደስ ስትገቡ፣ ፊት ለፊት ስታዩት በቀኙ በር ግቡ፣ በግራው ውጡ። መካከለኛው በር ለአማልክቱ ነው። የበሩን ደፍ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ዕጣን መያዝ አይጠበቅባችሁም፤ ሺንግቲየን የተባለው የታይፔ ቤተ መቅደስ ከ2014 ጀምሮ ዕጣን ማጨስ ጭራሽ ትቷል። ከመሠዊያ የተነሣ ፍራፍሬ ወይም ብስኩት ሰው ቢያካፍላችሁና እናትሽ በእምነታቸው ካልተቀበሉት፣ በሁለት እጅ እጅ ነሥተው ፈገግ ቢሉ ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም።

ስጦታ ካሰባችሁ ቡና ውሰዱ። ይርጋጨፌን በስሙ ያውቁታል፣ «ዬጃ ሹዌፌይ» ይሉታል፤ በየቡና ቤቱ ዝርዝር ላይ አለ። ያልተፈጨ፣ ገና ቀላ ሲል የወጣ ይሁን፤ እዚያ የሚወደደው ለስላሳ አቆላል ነው፣ በጥቁሩ የተቆላ መዓዛውን ያጣባቸዋል። ሰዓት አትስጡ፣ አራት ፍሬም አትስጡ፤ ሁለቱም በድምፃቸው ሞትን ይጠራሉ። ቋንጣ ወይም ሌላ ሥጋ ነክ ነገር በሻንጣ አትያዙ፣ ቅጣቱ ከባድ ነው።

በመጨረሻ ሻይ። ከታይፔ የአራዊት መናፈሻ ሜትሮ በገመድ መኪና ወደ ማውኮንግ ተራራ ውጡ፤ ሰኞ ብዙ ጊዜ ለጥገና ስለሚቆም በሌላ ቀን። የሻይ ቤቱ ሰው ማፍያውን ሰጥቷችሁ ይሄዳል። ለ150 ሚሊ ሊትር ትንሽ ማንቆርቆሪያ ሰባት ግራም ያህል የተጠቀለለ ኡሎንግ አድርጉ፤ ሲጨመር የማንቆርቆሪያውን ግርጌ ብቻ ይሸፍናል፣ ትንሽ ይመስላል። አታብዙት፤ ቅጠሉ ሲፈታ እስከ ክዳኑ ይደርሳል። የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ወዲያው ድፉት፣ ቅጠሉን ለማንቃት ነው። ሁለተኛውን ከአርባ እስከ ሃምሳ ሴኮንድ ቆጥራችሁ ጨርሳችሁ ቅዱ፤ ውሃ ቅጠሉ ላይ ከተረሳ የሚቀጥለው ይመርራል። በየዙሩ አሥር አሥራ አምስት ሴኮንድ እየጨመራችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ይወጣዋል። ከአቦል እስከ በረካ ለለመደ ሰው ሦስተኛው ገና መጀመሪያው ነው።


የመንገድ ስንቅ፦

ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ለእናቴ በወረቀት የምይዝላት አጭር ነገር ካለ?


ቶፉ በበርበሬ፦

ስልክሽ በቻይንኛ እንዲጽፍልሽ ይህን አስገቢና አሳትሚው፦ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ የባሕር ምግብ፣ የሥጋ መረቅ፣ የእንስሳ ሞራ፣ እንቁላልና ወተት አልበላም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ።» ቋንቋውን ሲመርጥ የታይዋኑን ባሕላዊ ፊደል ምረጪ፣ የዋናው ቻይና አጻጻፍ የተለየ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አይቅር፤ ካልጻፍሽው ሽንኩርት ያለበትን ሁሉ ይከለክሏቸዋል።


ሰዓት ጠባቂ፦

አንድ ተጨማሪ። ጉዟችሁ ሚያዝያ 4 ወይም 5 በፈረንጅ አቆጣጠር የሚውለውን የመቃብር መጥረጊያ በዓል ከነካ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ ቦታው ስለሚሄድ ባቡር ይሞላል። የፈጣኑ ባቡር ትኬት ከ28 ቀን በፊት ለሽያጭ ይወጣል፤ ወደ ታይናን የምትሄዱበትን በዚያው ቀን ቁረጡ። የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ ወደ መሐል ለመግባት ከዚያው ከጣቢያው የሚነሣውን ሌላ ባቡር ያዙ።